መግቢያው ብቻ

ጎረቤቱ ካሴት ሲያባዛ ተይዞ ሱቁ ከታሸገ ወዲህ፣ ባለሙዚቃ ቤቱ ደንበኛውን ሁሉ በጎሪጥ ያይ ጀመር። አንዲት አዛውንት አንድ የዘፈን ካሴትና አንድ ባዶ ካሴት ይዘው ሲገቡማ፣ «እኚህን ደግሞ ማን ላካቸው?» አለ በሆዱ።

«መግቢያውን ብቻ፣ ባዶው እስኪሞላ ደጋግመህ ቅዳልኝ» አሉት።

«እማማ፣ መግቢያው እኮ ‹ያለ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስቀጣል› የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው።»

«እሱኑ ነው የምልህ።»

ወጥመድ መሆኑን አልተጠራጠረም። «ለላኩዎት ሰዎች፣ እዚህ ቤት ቅጂ የለም ብለው ይንገሩልኝ!» ብሎ ካሴቶቹን መልሶ ዘረጋላቸው።

አዛውንቷ ካሴቶቹን አልተቀበሉትም።

«ማንም አልላከኝም፣ አባቴ። ማስጠንቀቂያውን ያነበበው ልጄ ነው፤ ካረፈ ዓመቱ። ዘፈኑ ሲጀምር ድምፁ ይቋረጥብኛል።»