አልተጠናቀቀም

አገኘሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ በአንድ የጤና ሠራተኞች ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ጊዜው ሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. ነው። ማሠልጠኛው ለገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት ያዘጋጃል። የታች ጋይንት ወረዳ ሠራተኞች ያንኑ ትምህርት የሚማሩት ግን አርብ ገበያ ከተማ ባለው በሌላ ሲስተም ነው።

ሁለቱን ሲስተሞች የሠሯቸው የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ እርስ በርስ አይግባቡም ነበር። የሚያግባባቸው አንድ ስታንዳርድ፣ ማለትም ሁለቱም የሚከተሉት የጋራ ደንብ ነው። ትምህርቱ በዚያ ስታንዳርድ ከተጠቀለለ የትም ሄዶ ይከፈታል። ተማሪው ማን እንደሆነ፣ የት እንደደረሰ፣ ስንት እንዳገኘ፣ መጨረስ አለመጨረሱንም ለላኪው መልሶ ይናገራል። ጥቅሉን ያዘጋጀው አገኘሁ ሲሆን፣ ማንም ስሙን በክፉ እንዲያነሳበት አይወድም።

የመጀመሪያው ኮርስ ስለ ክትባት ነበር። የሁሉም ውጤት መካነ ኢየሱስ ሲደርስ የአንዲት ሠራተኛ ብቻ ቀረ። ስሟ ካሣነሽ ነው። ከስሟ አጠገብ «አልተጠናቀቀም» ይላል።

ካሣነሽ ራሷ ደወለች። ትምህርቱን ተምራዋለች፤ ውጤቷ ካልተላለፈ ግን የደረጃ እድገቷ ሊያመልጣት ነው። ድምጿ ቆጣ ያለ ነበር። አገኘሁ በስልክ እያሳያት ሊያስተካክለው ሲሞክር፣ መስመሩ እየተቆራረጠ አይሰማኝም ብላ ሰው ይላክልኝ አለች።

ሄደ። በደብረ ታቦር ዞሮ፣ መኪና ቀይሮ፣ አቧራ ለብሶ በገበያው ቀን አርብ ገበያ ገባ። ካሣነሽ ከጤና ኬላዋ መጥታ ሲስተሙ ባለበት ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ወንበር ሰጠችው፤ ፈገግታ ግን አልጨመረችለትም።

አገኘሁ ሲመረምር ችግሩን ያገኘው መሰለው። ስሟ በአንዱ ሲስተም በንጉሡ «ሠ»፣ በሌላው በእሳቱ «ሰ» ተጽፏል። ማሽኑ ሁለት ሰው አድርጎ እንደቆጠራት አስረድቷት አስተካከለው። አጠገቡ ቁጭ ብላ ፈተናውን እንደገና ስትሠራው አንድም አልሳተች። ውጤቷ ወዲያው አለፈ። ሊሄድ ሲነሳ ቀና ሳትል የሚቀጥለው ኮርስ መቼ እንደሆነ ጠየቀችው።

የሚቀጥለው ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል ነበር። አሁንም የሁሉም ደረሰ፤ የካሣነሽ ቀረ።

በዚህ ጊዜ አገኘሁ በዘመን አቆጣጠሩ አመካኘ። አንዱ ሲስተም በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ስለሚቆጥር ቀኑ ተጋጭቶ ነው አለ። የማሠልጠኛው ኃላፊ አቶ ንጉሴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ሌሎቹስ በየትኛው ዘመን ነው የሚኖሩት?» አሉት።

አገኘሁ አርብ ገበያ ሄዶ ቀኑን አስተካከለ፤ ካሣነሽም አጠገቡ ተቀምጣ ሠራችው፤ አለፈ።

የቢሮው ሰው ግን ማየት ጀምሮ ነበር። መንገድ አልወድም ሲል የኖረው አገኘሁ አሁን ለጉዞ ማልዶ ይነሳል። ከመሄዱ በፊት ፀጉሩን ይስተካከላል፤ ለበዓል ያስቀመጠውን ኮት ይለብሳል። ሲመለስ የሥራ ባልደረቦቹ «ስታንዳርዷ ደህና ናት?» ይሉታል። እሱ ተቆጥቶ ስለ ሲስተም ልዩነት ማስረዳት ሲጀምር ይባስ ይስቃሉ።

ሦስተኛው ኮርስ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ሲላክ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ትምህርቱን እስከ ስማዳ ወረዳ ለማድረስ ታስቦ ስለነበር ከበላይ የመጡ ሰዎች ውጤቱን ሊያዩ ነው። አገኘሁ ጥቅሉን ደጋግሞ ፈተሸው፤ ሌላ ሰውም አስፈተሸ። እንከን አልተገኘበትም። ውጤቱ ሲመጣ ከካሣነሽ ስም አጠገብ ያችው ቃል ተቀምጣለች።

አቶ ንጉሴ ቢሯቸው አስጠሩት።

«ልጄ፣ ሴት መውደድ ነውር አይደለም» አሉት። «ግን ሽማግሌ ይላካል እንጂ የመንግሥት ሰርቨር አይሰበርም።»

አገኘሁ ፊቱ ቀላ። አንዳች ነገር እንዳልነካ ማለላቸው። መሄዱን እንደሚወደው ግን አልካደም፤ ይህም መሐላውን አሳሳበት።

አቶ ንጉሴ ፍርዳቸውን ሰጡ። በዚህ ዙር የሚሄደው እሱ ሳይሆን ሌላዋ የኮምፒውተር ባለሙያ ብርቱካን ናት። ችግሩ ከሲስተሙ ከሆነ እሳቸው ይቅርታ ይጠይቁታል፤ ካልሆነ ሥራውን ለእሷ ያስረክባል።

ብርቱካን ሄደች። ገና ሳትመለስ የካሣነሽ ውጤት ሙሉ ሆኖ መካነ ኢየሱስ ደረሰ። አገኘሁ ስክሪኑ ላይ ደጋግሞ አነበበው።

ብርቱካን ስትመለስ ሁለቱም ይጠብቋት ነበር። አቶ ንጉሴ ምን እንዳስተካከለች ጠየቋት። ምንም እንዳልነካች፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ እንኳ እንዳልተቀመጠች ነገረቻቸው። አቶ ንጉሴ ወደ አገኘሁ ዞረው የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ለብርቱካን እንዲሰጣት አዘዙት። አገኘሁ ያን ሁሉ ወራት የደከመበትን ጥቅልም፣ አርብ ገበያንም በአንድ ቀን ማጣቱ ነው።

«ትንሽ ይቆዩ፣ አቶ ንጉሴ፤ አልጨረስኩም» አለች ብርቱካን። «ስደርስ ልጅቷ ነጠላዋን አሳምራ በር ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች። ትምህርቱን ሠርታ ካበቃች ቆይታለች። ዛሬ አገኘሁ አይመጣም ስላት ፊቷ ጠቆረ፤ ገብታ ውጤቱን የሚልከውን ‹ጨርሻለሁ› የሚል ቁልፍ ተጫነችና ደህና ዋይ እንኳ ሳትለኝ ወደ ኬላዋ ሄደች።»