መሰላሉ እኔ ጋ ነው

መሰላሉን ወደ ቆጡ ስስብ ሙደሲር ጫፉን ለመያዝ ይዘላል። አይደርስበትም። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በስደት በምንኖርበት በጀፕስታውን የዚህ የብርድ ልብስ ጅምላ ሱቅ ባለቤትም ነው። ቁመት ግን አልተሰጠውም።

«ዘኪያ! አበድሽ? ሽማግሌዎቹ ገብተዋል እኮ!»

«ይቀመጡ። ከዚህም ይሰማኛል።»

ሽማግሌዎቹ የብርድ ልብስ ቦንዳ ላይ ተደርድረዋል። የላካቸው አዩብ ነው። አዩብ ጻካኔ በሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው፤ በብረት ፍርግርግ እየሸጠ እዚያው ቆልፎ ያድራል። አሁን ከፍርግርጉ ኋላ አብሮት የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ሚስት ይለዋል።

እኛ ዘንድ ልጅ ስትጠየቅ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው። ሙደሲር «አንገትሽን ደፍተሽ መቀመጥ ብቻ ነው፣ ምንም አትናገሪም» ሲለኝ ነው የሰነበተው።

ቆጡ ላይ ሳነብ የከረምኩት ምን እንዳስተማረኝ አያውቅም። መጽሐፉን ከመንገድ ዳር ነው የገዛሁት፤ እንግሊዝኛውንም ማንም አላስተማረኝም፣ ታግዬ ነው የቀማሁት። የሚያወራው ስለ ጥንት ሰዎች ነው፤ ነጭ አሜሪካን ሳይረግጥ በደቡብ ምዕራቡ በረሃ ገደል ወገብ ላይ ቤት የሠሩ። በቆሎ ይዘራሉ። የተርኪ ዶሮ ላባ ገመድ ላይ እየጠመጠሙ ብርድ ልብስ ይሠራሉ። የማይፈልጉት ሰው ሲመጣ ደግሞ መሰላላቸውን ወደ ላይ ይስባሉ።

«የሞተ ሰው ምን ያደርግልሻል?» ይለኝ ነበር ሙደሲር። ይኸው፣ አደረገልኝ።

በር ላይ አንድ ደንበኛ እጁን እያፋተገ፣ በአገሩ አነጋገር እህቴ እያለ ይጣራል። «ሲሲ! ብርድ ልብስ!»

አንዱን እወረውርለታለሁ።

«ለሱ ትወረውሪያለሽ፣ ለኔ መሰላል ትከለክያለሽ?»

«እሱ የጠየቀኝ ብርድ ልብስ ነዋ።»

ሐጂ ከቢር፣ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ደግፈው ቀና ይላሉ። «ልጄ፣ ዓይን አፋር ናት ተብለን ነበር እኮ።»

«ማን አለ?»

«ወንድምሽ።»

«እንግዲያው ይጠይቁኝ፣ ሐጂ። በሥርዓቱ ይጠይቁኝ።»

«ኧረ አይጠይቋት!» ይላል ሙደሲር።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «አዩብን ትፈቅጃለሽ?»

ሁሉም ቀና ይላል። ደንበኛው እንኳን ብርድ ልብሱን አቅፎ ወደኔ አንጋጧል። አሁን ትንፋሽ ልሰብስብ ብል ተዳርኩ ማለት ነው።

«አልፈቅድም!» ድምፄ ከጣራው ቆርቆሮ ነጥሮ ይመለሳል። «አልፈቅድም፣ ሐጂ! ልድገምልዎ?»

«ኧረ በቃኝ፣ ጻካኔ ድረስ ተሰምቷል» ይላሉ። ጉልበታቸውን ይዘው ይነሳሉ፤ ሌሎቹም ይከተሏቸዋል። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ሙደሲር ይዞራሉ። «አንተም ሰምተሃል።»

ወጡ። ሙደሲር ከታች ብቻውን ቆሟል።

«እሺ፣ ሄደዋል። አሁን ውረጂ።»

«ስፈልግ።»

እግሬን ከቆጡ ጫፍ አንጠልጥዬ መጽሐፌን እገልጣለሁ። መሰላሉ ከጎኔ፣ ብርድ ልብሶቹ ላይ ተጋድሟል።