ግራሶ ያልቀመሰ ዲናሞ

አሰለፈች ለቅሶ አልተቀመጠችም። ናዝሬት ጉድ አለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ንዋይ በስብሰባ መሃል ተነስቶ፣ «ያንን ፀረ-አብዮተኛ፣ የአሰለፈችን ልጅ ዘገዬን፣ ቆቃ ዳር በገዛ ሽጉጤ መትቼዋለሁ፤ የተረፈውን አዞ ጨርሶታል» ብሎ ደረቱን ነፋ። እናትየው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበረች። አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችና ወጣች።

ጎረቤቷ ኡሙሰልማ ንፍሮ ቀቅላ ብትመጣ ከበር መለሰቻት።

«ምነው አሱዬ? ድንኳኑን ቢከለክሉሽ እንኳ እቤትሽ ቁጭ ብለሽ አልቅሺ እንጂ!»

«ደሙ ሳይመለስ አላለቅስም። ንፍሮሽን ልጆችሽ ይብሉት።»

«በምን ልትመልሺው? በወስፌ?»

«ታያለሽ!»

ወሬው ሳይመሽ ሰፈሩን አዳረሰ። ንዋይም ሰማ፤ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ «የፀረ-አብዮተኛ እናት በሕዝብ መብራት አትደምቅም» ብሎ የቤቷን መብራት አስቆረጠ።

አሰለፈች በማግስቱ የፈዬራ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆመች። ፈዬራ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። እጁ የተባረከ፣ ልቡ ግን የጥንቸል ነው።

«መብራት ሥራልኝ፤ ከንፋስ» አለችው።

«ያ ረቢ! ከምን አልሺኝ?»

«ከንፋስ! ጣራ የሚነቅለው የናዝሬት ንፋስ መብራት ማብራት ያቅተዋል? እሱን እንኳ ቀበሌ አይቆርጠውም።»

ፈዬራ ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዴ አሰለፈች፣ ሰው ልትገድዪበት ነው እንዴ?»

«አንተ ብቻ ሥራ።»

ሠራ። ከተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር የመዳብ ሽቦ ፈትቶ በጣሳ ዙሪያ እየጠመጠመ ክብ ክብ ጥቅል አወጣ። ከሞቱ ሬዲዮኖች የድምፅ ማጉያ ማግኔት እየነቀለ በብረት ሰሃን ላይ ደረደረ። ሰሃኑን በአሮጌ የጋሪ ኩሽኔታ ላይ አሰረው፤ ንፋስ ሲያዞረው ማግኔቶቹ በጥቅሎቹ ፊት ሽው እያሉ ያልፋሉ፣ ሽቦው እንደ መኪና ዲናሞ ኤሌክትሪክ ይወልዳል። ክንፎቹን ከዋንዛ ሳንቃ ጠረባቸው። አሰለፈች ደግሞ በጠርሙስ ስባሪ እየፋቀች ታለሰልሳለች፣ እየፋቀች ትሳደባለች።

«ይሄ ለንዋይ ጉበት! ይቺ ደግሞ ለአንጀቱ!»

መንገደኛ ሁሉ ይሰማታል። እሷም እንዲሰሟት ብላ ነው።

ምሰሶው የት ይቆም በሚለው ላይ ተጣሉ። ፈዬራ ንፋስ እንደ ልቡ የሚገባበትን የአጥሩን ጥግ መረጠ። እሷ ከጓዳዋ ግድግዳ ጋር ካልተጣበቀ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

«እዚህ እኮ ጣራው ይጋርደዋል፣ አዴ።»

«ይጋርደው! በቀሌን አልጋዬ ላይ ተኝቼ ልስማው።»

ንፋሱ መጣ። ክንፎቹ ተሽከረከሩ። የመኪና አምፖሏ እንደ ድመት ዓይን ብልጭ ድርግም አለች። ጩኸቱ ግን! ደረቁ ኩሽኔታ ሲፋጭ መቶ ጋሪ በኮረት ላይ የሚጎተት ይመስል ነበር። ኡሙሰልማ ጆሮዋን በሻሿ ጠቀለለች። ፈዬራ አፍሮ ግራሶ በጣሳ ይዞ ሮጠ።

«ትንሽ ልቀባው፤ ወዲያው ዝም ይላል።»

«እጅህን አንሳ!» ብላ ጣሳውን ነጠቀችው። «ይጩህ! የንዋይ ጆሮ እስኪደማ ይጩህ!»

ንዋይ ሳቁን ያቆመው ያኔ ነው። ሴትዮዋ ኤሌክትሪክ ልትለቅብህ ነው ብለው ሹክ አሉት። የአብዮት ጠባቂውን ሰንበታን ከነጠመንጃው አስከትሎ በጠራራ ፀሐይ ግቢዋ ገባ። ዲናሞው ይጮሃል። የሰፈሩ ሰው በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«ሰንበታ! ሽቦውን ያዝ!»

ሰንበታ ጠመንጃውን አነገተ። «በቀኜ ነው በግራዬ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«በግራህ! አብዮተኛ አይደለህም?»

ሰንበታ ዓይኑን ጨፍኖ ያዘ። አጥሩ ላይ የነበረው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ።

«እ? ገደለህ?» አለ ንዋይ።

«ኧረ… ምንም የለውም።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ንዋይ ሆዱን ይዞ የጓዳዋን ግድግዳ ተደገፈ። «ይቺ ናት ደም መላሿ! ለዝንብ እንኳ የማትሆን!»

በዚህ መሃል ንፋሱ ቀጥ አለ።

ክንፎቹ ሁለት ጊዜ ተንገዳግደው ቆሙ። ጩኸቱ ጠፋ። ግቢው ጭር አለ። የአሰለፈች ፊት አመድ መሰለ፤ ዓይኗ ንዋይ የተደገፈው ግድግዳ ላይ ተተከለ። ሰንበታ መሣሪያውን ጨበጥ አደረገ።

ድንገት ግራ እጇን ወደ ሰማይ ወረወረች።

«ፀረ-አብዮተኞች ይውደሙ!»

ንዋይ ሳቁን አቋረጠ። መፈክር ተነስቶ ዝም የሚል ሊቀመንበር የት አለ? ያውም ሰንበታ አጠገቡ ቆሞ! ከግድግዳው ተስፈንጥሮ ግራ እጁን አነሳ።

«ይውደሙ!»

«ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!»

«ይውደም!» አሉ ከአጥሩ ማዶ ያሉትም፤ ዝም ያለ ሰው ይታያላ።

«አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!»

አላቆመችም። የጨረሰችውን ትደግማለች፤ ሲደክማት መሬት በእግሯ እየደለቀች ትቀጥላለች። ሰንበታ ላብ በላብ ሆነ። የንዋይ ድምፅ እንዳረጀ አውራ ዶሮ ተሰነጠቀ።

«በቃሽ! በቃሽ እንግዲህ!» አለ በመጨረሻ እያለከለከ። ወደ ሕዝቡ ዞረ። «አያችሁ? ልጇን እንኳ ረስታ ነቅታለች። ይሄ ጩኸታም እንዳይነሳ፤ ሕዝብ ይሳቅበት!»

ሰንበታን አስከትሎ ወጣ። አሰለፈች እስከ መንገዱ ድረስ መፈክር እያወረደች ሸኘችው።

ተመልሳ በሩን ቀረቀረች። ጓዳ ገብታ አልጋዋን ገፋ አድርጋ ሰሌኑን ገለጠች።

«እማዬ፣ ሄደ?» አለ ዘገዬ ከጉድጓዱ ውስጥ፣ አፉን በሁለት እጁ እንዳፈነ፤ «አሁን ልሳል?»