የሰማ ሰው ፍለጋ

ሹፌሩ ሚስቱን በደንብ አድርጎ የሚደበድበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። በሌላውም ቀን እጁ አያርፍም፤ ቅዳሜ ግን ጠጥቶ ስለሚገባ በቀበቶ ዘለበት ጀምሮ በእርግጫ ይጨርሳል።

ግቢው ውስጥ በአንድ ረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች አሉ። አንዱን ክፍል ከሌላው የሚለየው ችፑድ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ ከወዲህ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል፤ ይባላልም። ሹፌሩ ቀበቶውን ሲፈታ ግን ግቢው በሙሉ ድንገት ሥራ ይበዛበታል። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ያስነሳል። መምህሩ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። አከራይዋ ቀኑን ሙሉ ዞር ብላ ያላየችውን ድስት መፈግፈግ ትጀምራለች።

ትናንት ሁለት የፊት ጥርሷን አረገፈላት። ጭንቅላቷን ከአልጋው ብረት ጋር ደጋግሞ ሲያጋጨው ችፑዱ ተንቀጥቅጦ የመምህሩ መጻሕፍት ከመደርደሪያው ወደቁ። መምህሩ አንድ በአንድ አነሳቸውና በፊደል ተራ መልሶ ደረደራቸው።

እሑድ ረፋድ ላይ ታላቅ እህቷ የሥራ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች። የዶሮ ማረጃ ቤት ሠራተኛ ናት። ሲንጫጩ ከሚውሉ ዶሮዎች ጋር ስለምትውል ይሆናል፣ ብዙ ማውራት አትወድም። ሹፌሩ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋል። ሚስቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እርጥብ ጨርቅ አፏ ላይ ይዛለች። ጨርቁ ቀልቷል።

«ተነሺ፣ እማዬ ጋ እንሂድ» አለቻት።

«ባለፈው ከእማዬ ቤት አይደል በጸጉሬ እየጎተተ የመለሰኝ? እሷንም ገፍትሮ ጣላት።»

«ፖሊስስ?»

«ሄጄ ነበር። የሰማ ሰው አምጪ አሉኝ። አንድም ሰው አልመጣልኝም። ማታውኑ ለቀቁትና መጥቶ ጎድኔን ሰበረው። እታለም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እገድልሻለሁ ብሎኛል። ያደርገዋል።»

ታላቅ እህት የተኛውን ሰውዬ ቆማ አየችው። ከዚያ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ጎረቤቶችሽን ልጠይቅ።»

«አትድከሚ። ማንም ሰማሁ አይልሽም።»

«ከራሳቸው አፍ ልስማው።»

መጀመሪያ ያንኳኳችው የመምህሩን በር ነው። መምህሩ ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል። የተማሪዎቹን ድርሰት እያረመ ነበር፤ የሰጣቸው ርዕስ «ግድየለሽነት በልቦለድና በማኅበረሰብ» ይላል። መንደር ሙሉ ሰው ቆሞ እያየ አንድ ምስኪን ስለሚገደልበት ታሪክ ጽፈው፣ አንዳቸውም ቁጭት የሚባል ነገር ስላላሳዩ ደሙ ፈልቷል። በቀይ እስክሪብቶ ሲሸነቁጣቸው ነው የደረሰችው።

«ትናንት ማታ የእህቴን ጩኸት ሰምተዋል?»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። «እኔ እንግዲህ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር።»

«ፖሊስ ቢጠይቅዎትስ?»

«እህቴ፣ የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም። ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም።»

«ዛሬስ ቤት ነዎት?»

«የት እሄዳለሁ፣ ይሄን ሁሉ ወረቀት ታቅፌ!» ፖሊስ ይዛ ልትመጣ ነው ብሎ ሰጋና፣ «ማንም ቢመጣ ግን መልሴ ያው ነው» ሲል ጨመረ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ምስጋናው መምህሩን ከስድብ በላይ ቆረቆረው።

አከራይዋ በሯን ገርበብ አድርጋ በስንጥቁ አናገረቻት። «እኔ ልጄ፣ ጆሮዬ ከከዳኝ ቆየ» አለች። ይሄ ጆሮ ከግቢው ማዶ የተከራይ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰምቶ ከአልጋዋ የሚያስነሳት ጆሮ ነው። «ሰው ገመናውን በሩን ዘግቶ ይጨርስ። ፖሊስ ደጄን እንዲረግጥ አልፈልግም።»

«ቢመጣስ፣ እማማ?»

«ተኝቼ ነበር እላለኋ፤ እኔ ምን አውቄ!»

ታላቅ እህት እሷንም አመስግና አለፈች።

ልብስ ሰፊው መጨረሻ ላይ ነበር። የሹፌሩ አልጋ ግርጌው የመምህሩን፣ ራስጌው የእሱን ግድግዳ ተጠግቷል። ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ የሹፌሩ ማንኮራፋት በችፑዱ በኩል እየተንተከተከ ገባ።

«እዚህ ምንም አይሰማም» አለ ልብስ ሰፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ጩኸትም?»

«ምንም።»

«የወንድስ ድምፅ?»

«የወንድም የሴትም። እህቴ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ፤ ጣጣ አልፈልግም። መኪናዬ ላይ ከተቀመጥኩ ሰማይ ቢደፋ አልሰማም።»

«ፖሊስም ቢመጣ ይሄንኑ ትላለህ?»

«ይሄንኑ። ምን በወጣኝ!»

«ዛሬም ትሰፋለህ?»

«ለነገ የማደርሰው ሱሪ አለብኝ።» አንገቱን ደፍቶ መኪናውን መርገጥ ጀመረ። አፍሯል፤ ማፈሩ ግን ከወንበሩ አላስነሳውም።

ስትመለስ ታናሿ ፊቷን አይታ ሁሉም ገባት። «አላልኩሽም?» አለችና አለቀሰች። «ሬሳዬ በዚህ በር ሲወጣ እንኳ ቀና ብሎ የሚያይ የለም።»

በአንደኛው ግድግዳ በኩል የስፌት መኪናው ይንጣጣል። በሌላኛው በኩል ጠብ ሊነሳ ነው ብሎ የጠረጠረው መምህር ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ከወደ አከራይዋ ቤት የድስት ኳኳታ ተሰማ። ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል።

ታላቅ እህት በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ቦርሳዋን ከፈተች፤ «ሁሉንም ጠይቄያለሁ፣ አንድም የሚሰማ የለም» አለቻት፣ «በይ ተነሺና እግሩን ያዢልኝ።»