በድስት የተቀቀለው ቴርሞስታት

እማማ ደብሪቱ ልጃቸውን የፈታውን አማች ዓይኑን ማየት አይፈልጉም። ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ረድኤትን ጠቅልሎ አዋሽ ሊወስዳት መጥቶ፣ መኪናው ስለፈላበት ግቢያቸው ውስጥ ሞተሩን ይፈታታል።

«በድስቴ ብረት ትቀቅላለህ? በርበሬስ አልፈለግህም?» አሉት ማድቤት ገብተው።

«የሞተሩን ውሃ የሚያሳልፈው አዲሱ ቴርሞስታት ነው፣ እማማ። ውሃው ሲፈላ አፉን ከከፈተ ደህና ነው፤ ሞተሩ አይግልም። እያዩ ይንገሩኝ» ብሎ ወደ መኪናው ወጣ።

ውሃው ተንፈቀፈቀ። ብረቱም አፉን ወለል አድርጎ ከፈተ። እማማ ድንግጥ አሉ፤ ይህ ከሠራ ልጅቷ ሄደች ማለት ነው።

«አልተከፈተም!» ብለው በመስኮት ጮኹ። «አጭበርብረውሃል! ልጅቷን ትተህ በአውቶቡስ ሂድ!»

«ግድ የለም፣ ያለሱ እንሄዳለን። ስንቱ መካኒክ አውጥቶ ይጥለው የለ!» ብሎ የቴርሞስታቱን ማደሪያ ክዳን ባዶውን ይገጥም ጀመር። «ረድኤት፣ ሻንጣሽን አምጪ!»

እማማ የአዋሽ ሐሩር ታያቸው። ድስቱን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው እየሮጡ ወጡ።

«ተከፍቷል! አንተ ጨካኝ፣ ልጄን መንገድ ላይ ልታነድብኝ ነው?»

አማቹ ቀና ሳይል እጁን ዘረጋ።

«ሲደነግጡ በመስኮት አይቼዎታለሁ። ያምጡት።»