የማትደግፍ ሚስት

ግንበኛው የውስጥ ጆሮው ታሞ ሚዛኑን ከሳተ ወር አልፎታል። ሐኪሙ፣ «አትደግፉት፤ አንጎሉ ሚዛን መጠበቅን እንደ አዲስ የሚማረው ሲንገዳገድ ነው» ቢል፣ ሚስቱ አስካለ ጭራሽ ከዘራውን ደበቀችበት።

ጠላ እንኳ ቀምሶ የማያውቀውን ሰው መንደርተኛው «ዛሬም በጠዋቱ ጠጥቷል» እያለ ይስቅበታል።

«እጅሽን ስጪኝ!»

«አልሰጥም፤ ሂድ!» ትላለች ከኋላው።

ዛሬ ግን ደሙ ፈላ። «አንቺ አረመኔ!» ሊላት ዞር አለ። አንገቱን ባዞረ ቁጥር አብራው ትዞር የነበረችው ምድር ቀጥ ብላ ቆመች።

አስካለ ከጀርባው አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ የሚወድቅ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው ሁለት እጆቿን ዘርግታለች። ሲያያት ደንግጣ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገቻቸው።

«ምን ይገትርሃል? ሂድ!»