ከዓሣዎቹ ጀርባ የታየው እጅ

"ከኋላ ድፍን አድርገህ ዝጋልኝ አልኩህ... ጥቁር ይሁን!"

"ጌታዬ፣ ከኋላ እኮ መኝታ ክፍል ነው... ክፍት ቢሆን በሁለቱም በኩል ያምራል" አለ መስታወት ሠሪው።

"እንግዳ ዓሣ ሊያይ እንጂ አልጋ ሊያይ አይመጣም!"

አሠሪው ሰውዬ የአንድ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ነው። ሽክ ያለ... ምላሱ ቅቤ።

አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ሊመጡ ስለሆነ፣ የሳሎኑን ግድግዳ አስፈንቅሎ አኳሪየም እያስገጠመ ነው።

ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ አባቱ ተኝተዋል...

ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞ፣ አንደበታቸውን የዘጋባቸው አባቱ።

ሚስቱ ለመነችው።

"አባባ ቀኑን ሙሉ ኮርኒስ ሲያዩ ነው የሚውሉት... ዓሣውን ቢያዩ ምን ይጎድልብሃል?"

"አንቺ ደግሞ! አባትነቱ ለእኔ ነው ላንቺ?"



ሥራው አለቀ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር! ግድግዳው መሀል ሰማያዊ ውሃ... ብርቱካናማ ዓሣዎች ወዲያ ወዲህ ሲሉ...

ፓምፑ፣ ሽቦው፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ግን "ሳሎኑን ያበላሻል" ተብሎ ሁሉም በአባትየው ክፍል በኩል ተዝረከረከ።

የግብዣው ቀን ደረሰ...

እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?

የአባቱን ክፍል ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ!

ሚስቱ ማድ ቤት ነበረች... አላየችም።

አለቃው ከነባለቤታቸው መጡ። የሥራ ባልደረቦቹም ሳሎኑን ሞሉት። ሙዚቃ... ሳቅ... ጨዋታ...

"ይሄማ ቤት ሳይሆን ባሕር ነው!" አሉ አለቃው። ሰውየውን ኩራት ነፋው።

የአለቃው ባለቤት ዓሣዎቹን ጠጋ ብለው ለማየት ጎንበስ አሉ...

ጩኸታቸው ቤቱን አናጋው!

"እጅ! ከዓሣዎቹ ኋላ የሰው እጅ አለ!!"

ሁሉም ዞረ...

እውነትም እጅ ነው። መስታወቱን ይመታል... ይገፋል... ከእጁ ጀርባ የሽማግሌ ፊት... ከፊቱ ጀርባ ጭስ!

"እሳት!!"

ሚስቱ የያዘችውን ሳህን ጥላ ወደ በሩ ሮጠች። ገፋችው... አይከፈትም!

"ማነው የቆለፈው?! ኧረ ማነው?!"

ሰውየው ኪሱን ይዳብስ ጀመር... ቁልፉ አመለጠው።

ከወለል ላይ አንስተው በሩን የከፈቱት አለቃው ናቸው።

አባትየው ከአልጋ ወርደው፣ በደህና ጎናቸው ተስበው ግድግዳው ሥር ደርሰዋል። ተሸክመው ግቢ አወጧቸው... እያሳላቸው... በሕይወት!

ማከፋፈያው ቀልጧል። እሳቱ ሽቦውን ይዞ ወደ ሳሎኑ ኮርኒስ እየወጣ ነበር። አንዱ ቆጣሪውን አጠፋ፣ ሌሎቹ ተረባርበው እሳቱን አጠፉ።

አለቃው ላባቸውን እየጠረጉ ጠየቁት።

"እኚህ ሰው ማናቸው?"

"...አባቴ ናቸው።"

"እንዴ! አባቴ አርፈዋል ብለኸኝ አልነበር?!"

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ...

እንግዶቹ አንድ በአንድ ሹልክ ብለው ሄዱ። ሰውየው ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ግን እኮ... ከኋላ በጥቁር ኮምፔንሳቶ ተደፍኖ ነበር! እንዴት ታየ?"

"መስታወት ሠሪውን 'የሚነሳ አድርግልኝ' ብዬ ለምኜው ነው። አንተ ሥራ ስትሄድ አነሳላቸዋለሁ፣ ስትመጣ እመልሰዋለሁ። ዛሬ ግን ቤቱ ሲስቅ ብቻቸውን ግድግዳ እንዳያዩ ብዬ፣ ሳልመልሰው፣ ከሳሎን እንዳይታይ ክፍሉን አጨልሜ ተውኩት።"

ሰውየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"አባዬ 'አድኑኝ' እያለ... እኔ ሙዚቃ..."

"'አድኑኝ' አላሉም" አለችው።

"ምን?"

"የማበላቸው እኔ ነኝ፣ ምልክታቸውን አውቃለሁ። ሰው ሲፈልጉ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ነው የሚያወዛውዙት። ዛሬ ግን መዳፋቸውን ወደ እናንተ ነበር የሚገፉት። እሳቱ ወደ ኮርኒሳችሁ ሲሄድ አይተው... 'ውጡ! ውጡ!' ነው ያሉት።"

ሰውየው ተንበርክኮ ጥላሸት የነካው የአባቱ ጉልበት ላይ ተደፋ... እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

አባትየው በደህና እጃቸው ቀና አደረጉት... ከግንባሩ ላይ ጥላሸት ጠረጉለት።

ወገኖቼ... ልጅ አባቱን ከሰው ዓይን ሊደብቅ በር ይቆልፋል። አባት ግን በቆለፉበት ክፍል ጭስ እያፈነውም ከራሱ በፊት ልጁን ያስባል። በወላጁ የሚያፍር ሰው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ማን እንደሚሳሳለት አያውቅም።

እስቲ ፍረዱ... ሚስቱ ከባሏ ተደብቃ ያደረገችውን ትደግፋላችሁ? እናንተስ አባትየውን ብትሆኑ፣ ያን ጥላሸት ትጠርጉለት ነበር?